ለገመዱ የዘረጋሁት ጥላ

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲወርድ በመስኮት እያዩ «ተመስገን፣ ምድሩ ጠገበ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች አልወዳቸውም። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፤ ምድሩ ሲጠግብ የእኔ የመብራት ገመድም አብሮ ስለሚጠግብ ነው። ምድር ውሃ ጠጥታ ጤፍ ታበቅላለች። የመብራት ገመድ ውሃ ሲጠጣ የሚያበቅለው ጠብ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ከጎረቤት፣ ቀጥሎ ከሚስት፣ እንደ እኔ ዕድለ ቢስ ከሆናችሁ ደግሞ ከመላው ምእመን ጋር። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው። ፍርዳችሁ ከእኔ ጋር ካልሆነ ግን እንደማልቀበለው አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ላፍቶ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ካራቫን ውስጥ ነበር። ካራቫን ማለት ጎማ ያለው ቤት ነው። ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ አስረው ለሽርሽር ይጎትቱታል ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ የውጭ አገር መንገድ ሠሪ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ንብረቱን በጨረታ ሸጠ። ብልህ ብልሁ ሰው በጄኔሬተሩና በውሃ ታንከሩ ሲሻማ እኔ ይህን ነጭ የቆርቆሮ ቤት ገዛሁ። ባዶ መሬታችን ላይ ቤት እስክንሠራ ለጊዜው እንገባበታለን ብዬ ነው። በአገራችን «ለጊዜው» ተብሎ በተገባበት ቤት ልጅ ተወልዶ ተድሮ እንደሚወጣ ማን በነገረኝ። ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጡ ካራቫኑ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለ፤ ከዚያ ወዲህ ትሪው ላይ የሚፈሰው ወጥ ሁሉ ወደ እኔ በኩል ይመጣ ነበር። ባለቤቴ ሙሉ ታዲያ ይህን እያየች ምን ጎደለህ ትለኛለች።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዝናብ ከየትኛው ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ በየትኛው ነፋስ ተገፍቶ ላፍቶ እንደሚደርስ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ አስረዳለሁ። ላፍቶ ደርሶ የመብራት ገመዴ መጋጠሚያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ግን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት ውዬ ከዝናቡ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

ሙሉ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያ ክረምት የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ልትሰፋ ተቀብላ ነበር። ለሰፈሩ ገና አዲስ ነን፤ ይህ ደግሞ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። እናቶች ሰማያዊውን ጨርቅ እያመጡ፣ ልጆቻቸውን እያስለኩ፣ «አደራ ሙሉዬ» እያሉ ሄደዋል። ካራቫኑ ውስጥ ከአልጋው በላይም በታችም ጨርቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ዩኒፎርም ያልለበሰ ልጅ ከበር ይመለሳል። ልጁ ከበር ከተመለሰ የሙሉም ስም አብሮ ተመለሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በላፍቶ እንኳን ዩኒፎርም ቁልፍም የሚያስተክላት አይገኝም። የስፌት መኪናዋ በሞተር የሚሠራ ነው፤ ካራቫኑ ዘንበል ስላለ እንዳይንሸራተት ከወለሉ ጋር አስበይጄዋለሁና ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም። ሞተሩ መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ያለው ደግሞ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቆጣሪ ያላቸው፣ ደግ ሴት። እኛ ቆጣሪ ለማስገባት ቤት ያስፈልገናል፤ ቤታችን ደግሞ ጎማ አለው። ይህንን የተረዱት እትዬ ጥሩነሽ ከቤታቸው መብራት ቀጠሉልን። የእሳቸው ገመድ በግድግዳቸው ላይ ተመትቶ መጥቶ ከቆርቆሮ አጥራቸው ማዕዘን ሲደርስ ያበቃል። ከካራቫኑ ሆድ የሚወጣው ወፍራሙ የፈረንጅ ገመድም እዚያው አጥር ጥግ ያበቃል። ሁለቱ እዚያ፣ ሰማይ በቀጥታ በሚያያቸው ቦታ፣ ሶኬት ለሶኬት ይገናኛሉ። የእኔ መሬት ገና አጥር የለውም፤ ከጎኑ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስኬድ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መጋጠሚያችንን ያየዋል።

አንድ ረዥም ገመድ ገዝተህ ለምን አትገላገልም የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእትዬ ጥሩነሽን ገመድ የመቱት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ምስማሩን አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው። ነቅዬ በሌላ ልተካው ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው እንባቸው መጣ። ሴትዮዋን እያስለቀስኩ የባላቸውን ምስማር የምነቅል ሰው አይደለሁም። የእሳቸው ገመድ እዚያ ካበቃ ደግሞ የእኔ ቢረዝም ባይረዝም መጋጠሚያው ከዚያ ጥግ ንቅንቅ አይልም።

የመጀመሪያው ደህና ዝናብ የወረደ ዕለት የእትዬ ጥሩነሽ ቆጣሪ ጧ ብሎ ወደቀ። ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ድራማው ላይ ልጅቷ አባቷ ማን እንደሆነ ሊነገራት ሲል ጠፋባቸው፤ የልጅቷን አባት ማንነት እስከ ዛሬ እኔን ይጠይቁኛል። ሁለተኛው ዝናብ ሲመጣ እንደገና ወደቀ። በዚህ ጊዜ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በጭቃው መጡና ካራቫኑ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ መብራት አልነፈግሁህም» አሉኝ። «ግን ይህ ቆጣሪ እንደ እኔው አርጅቷል። አንድ ቀን ተቃጥሎ ሁላችንም ጨለማ እንገባለን። ደግሞ ከወደቀ እነቅለዋለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።»

ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም የማትል ሚስት ምን ያህል እንደምትናገር ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ሥራዬ መጋጠሚያውን ደረቅ አድርጎ ማቆየት ብቻ ሆነ። ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ሳሪስ ሄጄ ጥቁር ናስትሮ ገዛሁና ሶኬቶቹን እንደ ቆሰለ እግር ጠቀለልኳቸው። ናስትሮው ፀሐይ ላይ ጥሩ ተጣበቀ፤ ካፊያ ሲነካው ግን ቀስ እያለ ተላጠ። በላዩ ላይ ፌስታል አሰርኩበት። የፌስታልን ጠባይ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ውሃ እንዳይገባ ያደረጋችሁት ፌስታል ከገባ በኋላ እንዳይወጣም ያደርገዋል። ጠዋት ስፈታው አንድ ኩባያ ሙሉ ውሃ ውስጥ ሁለቱ ሶኬቶች ተቃቅፈው ተኝተዋል። ቆጣሪው እንዴት እንዳልወደቀ ፈጣሪ ይወቀው።

ከዚያ ምክር መጣ። በአገራችን ሰው ሲቸገር ገንዘብ የሚያበድረው ባያገኝም ምክር አያጣም። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ በካላማዳሪያ ይፈታል ብለው ያምናሉ። የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ በቀጭን በቀጭኑ ቀደው አመጡና መጋጠሚያውን አንቀው አሰሩት። ለራሳቸው እጅግ ኮሩ። ውሃው ግን በመጋጠሚያው በኩል መግባቱን ትቶ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ፣ ካላማዳሪያው ካበቃበት ቀዳዳ ተስቦ ገባ። ይህን ብነግራቸው «እንግዲያው ያንተ ዝናብ ነው ጥፋተኛው» ብለውኝ ሄዱ። የዘይት ጄሪካን ቂጡን ቆርጬ እንደ ባርኔጣ ደፋሁበት። ነፋስ አንሥቶ ወሰደው። ድንጋይ ጫንኩበት፤ ድንጋዩ ጄሪካኑን አጎድጉዶ የዝናብ ውሃ ማቆሪያ አደረገው። ሙሉ በዚህ ሁሉ መሐል ዝናብ ባቆመ ቁጥር እየተጣደፈች ትሰፋለች፤ ደመና በጠቆረ ቁጥር ደግሞ እኔ እየሮጥኩ ሄጄ ሶኬቱን እነቅላለሁ። በዚያ ክረምት ደመናው የማይጠቁርበት ሰዓት ስላልነበረ ሥራው ከቆመበት ፈቀቅ አላለም።

በመጨረሻ ነገሩን ረጋ ብዬ ሳስበው ዝናብን የሚከለክለው ጥላ ነው። የራሴን ጥቁር ጥላ ወስጄ እንጨት ላይ አስሬ መጋጠሚያው ላይ ዘረጋሁት። ምሳ በልቼ ስመለስ ጥላው የለም። በጠራራ ፀሐይ ቢሆን እሺ፤ ዝናብ እየዘነበ፣ ኤሌክትሪክ ላይ የተዘረጋ ጥላ ነቅሎ የሚሄድ ሌባ ምን ዓይነት ድፍረት ነው ያለው? ነፍሱን አልፈራም፣ እኔንም አልፈራም። ከሁለቱ የበለጠ ያናደደኝ እኔን አለመፍራቱ ነው።

ቤት ውስጥ የቀረው ጥላ አንድ ብቻ ነበር፤ የሰርጋችን ጥላ። ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ ሚዜዎቼ በራሳችን ላይ ይዘውት ፎቶ የተነሣንበት። ሙሉ በአንሶላ ጠቅልላ ከአልጋው ሥር ነው የምታስቀምጠው። እሱን ላውጣ ስላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ይህንን የሚሰርቅ ሌባ የለም፣ ተሸክሞት ቢሄድ ሰው ሁሉ ያየዋል ብዬ አስረዳኋት። ወደ ጨርቁ ክምር አየች፤ ወደ ሰማይ አየች፤ ከዚያ ራሷ አጎንብሳ አወጣችው። ዝናቡ ከመሬት እየፈነጠቀ እንዳያስቸግር ደግሞ መጋጠሚያውን የሳሙና ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ሙሉም ከመጋረጃ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ጨርቅ ጠርዙን ቀምቅማ ሳጥኑን አለበሰችው። ባለሙያ ናትና የተንጨባረረ ጨርቅ ማየት አትችልም።

ሠራ። ዝናቡ ወረደ፣ ቆጣሪው አልወደቀም፣ የሙሉ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት የኮራሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ላየው ብሄድ ቢጫው ጨርቅ ላይ ሳንቲም አገኘሁ። የፍልሰታ ጾም መግቢያ ነው። መንገዱ ወደ ቅዳሴ በሚሄድ ሰው ተሞልቷል። አንዲት እናት ደግሞ ዓይኔ እያየ ቀረብ ብለው፣ አማትበው፣ ጨርቁን ተሳልመው፣ ሳንቲም ጥለው አለፉ። ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ሆኜ የሠራሁትን ነገር በሰው ዓይን ያየሁት። በከተማው ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ማሠሪያ ሲለመን መንገድ ዳር ዘርፍ ያለው ጥላ ይዘረጋል፣ ከሥሩ በጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን ይቀመጣል። እኔም ይኸው ሳላውቀው ከነዘርፉ፣ ከነሳጥኑ፣ ከነቅምቅማቱ አሟልቼ አቁሜዋለሁ።

ወዲያው ሌላ ባልቴት ሲመጡ ቀድሜ ሄድኩና «እማማ፣ ይህ እኮ የመብራት ገመድ ነው» አልኳቸው።

«መብራትን የሚሰጥ ማን ሆነና ልጄ» አሉኝና ተሳለሙ። እዚህ ሆኜ ስለምጠብቅ ዋጋዬን እንደማላጣ ነግረውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ሰው ሲመርቃችሁ ተቆጥታችሁ ታውቃላችሁ? አይመችም። አሜን እያሉ መቆጣት ራሱን የቻለ ሙያ ይፈልጋል።

ጥላውን ልነቅለው አልችልም፤ ከነቀልኩት መጋጠሚያው ይረጥባል፣ ቆጣሪው ይወድቃል፣ ዩኒፎርሙ ይቀራል። ልተወውም አልችልም። ሳንቲሙን ሰብስቤ ለቤተ ክርስቲያን እንዲያደርሱልኝ ለእትዬ ጥሩነሽ ሰጠኋቸው፤ በእኔ ቤት ነገሩን ማጽዳቴ ነው። እሳቸው ደግሞ ወስደው፣ ቅዳሴ ሲያልቅ በሰው ፊት፣ «ከጥላዋ የመጣ ነው» ብለው አስረከቡ። በማግስቱ የሚሳለመው ሰው በዛ። አንዱ ሰሌን አነጠፈ። አንዷ የደረቀ አበባ ሰካች። አንዷ ጧፍ ለኩሳ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ፣ ከገመዱ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አቆመችው። እየሮጥኩ ሄጄ እፍ ብዬ አጠፋሁት። ሁለት ሴቶች አዩኝ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ መጥተው ጧፍ የሚያጠፋ ሰው አለ እየተባለ ነው፣ እኔ እንኳ አላመንኩም አሉኝ። አለማመናቸውን እየነገሩኝ ግን ከእኔ ራቅ ብለው ነበር የቆሙት።

ቀጥሎ ኮቱን የደረበ አንድ ሰው ከሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ ነኝ ብሎ መጣ። በማን ፈቃድ ነው የምትለምነው፣ ደረሰኝህ የታለ ብሎ ጠየቀኝ። አልለምንም፣ ለመብራት ገመድ ነው የዘረጋሁት አልኩት። ዘርፉን ነካ ነካ አደረገው። ለገመድ? አለኝ። አዎ አልኩት። የሰርግ ጥላ? አለኝ። አዎ አልኩት። ሌባ አይቼ አውቃለሁ፤ ግን እንደዚህ ያለ ሰነፍ ውሸት የሚዋሽ ሌባ አይቼ አላውቅም በሚል ዓይን አየኝ። እንግዲህ እኔ፣ የራሴ ጥላ የተሰረቀብኝ ሰውዬ፣ በገዛ መሬቴ ላይ፣ በገዛ የሰርግ ጥላዬ ሥር በሌብነት ተጠረጠርኩ። ሙሉ ይህን ስነግራት መርፌ በጥርሷ ይዛ ነበርና ያልሳቀችው መርፌውን እንዳትውጥ ብላ ብቻ ነው።

ዋናው ጉድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ከነፋስ ጋር ተቀላቅሎ በጎን ወረደ። የቱንም ያህል ዘርፍ ይኑረው ጥላ በጎን ለሚመጣ ዝናብ አልተሠራም። ቢጫው ጨርቅ ራሰ፣ ውሃው ወደ ሳጥኑ ዘለቀ፣ ከሳጥኑ ደግሞ የእትዬ ጥሩነሽ ቆርቆሮ አጥር ላይ ደረሰ። ቆጣሪው በዚያች ዕለት መውደቅ ነበረበት። ስንት ጊዜ ያለ ቦታው የወደቀ ቆጣሪ በዚያች ዕለት አልወደቀም።

ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ዝናቡን ሳይፈራ ጥላው ሥር ተሰብስቦ ነበር። ከመካከላቸው ወይዘሮ ብርቄ አሉ፤ ለልጆቻቸው ዩኒፎርም ከሰጡን እናቶች አንዷ። ትከሻቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ጠጋ ብለው ያን ትከሻቸውን ቆርቆሮው ላይ አስደገፉት። ከካራቫኑ በር ላይ ሆኜ አየሁ፤ ሴትዮዋ ተንቀጠቀጡ፣ ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ የሚሰማ ጩኸት ጮኹ። ሰው ሁሉ ከበባቸው። «ልቀቃት፣ ስምህን ተናገር» ይላሉ። እኔ በጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ «ኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው» እላለሁ። አንዷ ደግሞ «ይኸው ተናገረ» አለች።

እትዬ ጥሩነሽ ቤት እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩትና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ የተናደድኩበት ነገር ሁሉ፣ ዝናቡም፣ ሌባውም፣ የኮሚቴው ሰውም፣ ከአእምሮዬ ጠፋ። ሰው ልገድል ነበር። የልጆች እናት ልገድል ነበር፣ ያውም በፌስታልና በሰርግ ጥላ።

ስወጣ ወይዘሮ ብርቄ ቆመው ትከሻቸውን ያሽከረክራሉ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ። ሕመሙ ጠፍቷል። ሴቱ እልል ይላል። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ኤሌክትሪክ ነው የያዘዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። አነሡኝ።

«ኤሌክትሪክማ ስሙ ነው ልጄ» አሉኝ።

በዚያች ሰዓት ገመዱን ጠቅልዬ ካራቫኑ ሥር ጣልኩት። ገብቼ ለሙሉ ነገርኳት። በግማሽ የተሰፋ የሸሚዝ እጅጌ መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀርቷል። እጅጌውን ቀስ ብላ አወጣችው፣ በመዳፏ ደልደል አደረገችው።

«ሰው ከሚሞት ልጆቹ ከበር ይመለሱ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ግን አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ መካከል መቀመጫ ማግኘቱ ራሱ ከባድ ነበር፤ ያልተሰፋው ከተሰፋው ይበልጣል።

በማግስቱ የእትዬ ጥሩነሽ ንስሐ አባት መጡ። ዕድሜ ለእሳቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቢጫውን ጨርቅ ገልጦ ለማየት ያሰበ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ናስትሮ፣ የካላማዳሪያ ቁራጭና የተቀደደ ፌስታል አገኙ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው፣ እዚህ ያለው ይህ ወንድማችን ለመብራቱ የሠራው ነገር ነው፣ ሌላ ምንም የለም፣ የምትሰጡትን ቤተ ክርስቲያን መጥታችሁ ስጡ ብለው አስረዱ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። መስቀል ተሳለመ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥላውንም ተሳልሞ ሄደ።

የኮሚቴው ሰው እንደገና መጣ። አሁን ትሕትና ተሞልቷል። ሕዝቡ ቦታውን ስለለመደው ኮሚቴው ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው እዚያው ሊያስቀምጥ ወስኗል፤ ጥላውን ጾሙ እስኪፈታ ብናውሳቸው ብሎ ለመነ። እትዬ ጥሩነሽ ከጎኑ ቆመው ያዩኛል። ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ አለኝ ሰውየው፤ ሰው የሚሰበሰብበት ስለሆነ በዚህ አካባቢ የመብራት ገመድ ባታሳልፍ፣ አደገኛ ነው። ይህን ለእኔ ነው የሚነግረኝ። ለገመዱ የተዘረጋው ጥላ ቀረ፤ ገመዱ ተባረረ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴና ሌሎች ጎልማሶች አንድ ከባድ ነገር በላስቲክ ሸፍነው ተሸክመው በጭቃው እየተንሸራተቱ ሲመጡ አየን። ከኋላቸው ወይዘሮ ብርቄ። በዳነው ትከሻቸው ትልቅ ዘንቢል አንጠልጥለዋል። ለካ ሟች ባላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የእግር ስፌት መኪናቸው ጓዳ ውስጥ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ለሙሉ አመጡላት። ለጥላዋ ውለታ ነው አሉ። ሙሉ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው፤ የእኔ አንገት ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

መኪናው በካራቫኑ በር አልገባም አለ። በጎን አልገባም፣ በጀርባው አልገባም፤ ጋሽ ደምሴ በሩን በካላማዳሪያ እንለጥጠው ሳይሉ በፊት ወደ እትዬ ጥሩነሽ በረንዳ ወሰድነው። በረንዳው ቆርቆሮ አለው፣ ብርሃን አለው። ሙሉ እዚያ ሆና ከጠዋት እስከ ማታ መርገጥ ጀመረች። እግሯ ሲዝል እኔ ከጎኗ ዱካ ላይ ተቀምጬ እረግጣለሁ፣ እሷ ጨርቁን ትይዛለች። እኔ ስፈጥን ታምባርቅብኛለች፣ ስዘገይ ታምባርቅብኛለች። እትዬ ጥሩነሽ ከውስጥ ቴሌቪዥናቸውን ያያሉ፤ ቆጣሪያቸው ያን ሁሉ ቀን አንድም ጊዜ አልወደቀም። የጭቃው ሽታ፣ የዘይቱ ሽታ፣ የአዲሱ ጨርቅ ሽታ እስከ አሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ ጉልበቴም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል። የመጨረሻዋን ቁልፍ ሙሉ የተከለችው ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ጾሙ ከተፈታ ሰንብቷል፤ ጥላው ግን አልተመለሰም።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ካፊያ ነበር። እኔና ሙሉ መንገዱ ዳር ቆመን ልጆቹ ሲያልፉ እናያለን። ሁሉም ሰማያዊ ለብሰዋል። ኮሌታው ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው፤ ከበር የሚመለስ አንድም ልጅ የለም። እናቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ ጥላው ጋ ቆም ይላሉ፣ ይሳለማሉ፣ ልጆቻቸውንም ያሳልማሉ። ወይዘሮ ብርቄ የትንሿን ልጃቸውን አንገትጌ እያስተካከሉ ወደ እኛ ዞሩ።

«አያችሁ አይደል፣ ሁሉም ደረሰ» አሉ። «ይኸ እኮ የጥላዋ ሥራ ነው።»

ደሜ ፈላ። የጥላዋ ሥራ? ይህቺ ሴት እግሯ እስኪያብጥ ረግጣ፣ እኔ ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ ረግጬ፣ ያንን የብረት መኪና ሦስት ጎልማሳ በጭቃ ተሸክሞ፣ የጥላዋ ሥራ? ሌላው ቢቀር ሙሉ ትናገር፣ ሙሉ ትንገራቸው ብዬ ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

ሙሉ አጠገቤ አልነበረችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጥላው ተጠግታለች። ሚዜዎቼ በራሳችን ላይ የያዙት ቀይ ከፈይ ሥር፣ ራሷ የቀመቀመችው ቢጫ ጨርቅ ፊት፣ ሦስት ጊዜ አማትባ ጎንበስ አለች። ስትመለስ ምንም ሳልላት ዓይኔን አየችው።

«ምን ይታወቃል» አለችኝ።